ቁጭ ማለትና መጻፍ፦ የዜን ሜዲቴሽንን ለፈጠራ ጽሑፍ መጠቀም ለሚፈልጉ ዝርዝር መመሪያ

ልትጽፉ ትቀመጣላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። ሁለተኛው ላይ ሳትደርሱ እጃችሁ ስልክ ላይ ነው። ስልኩን ስታስቀምጡት ደግሞ ሐሳባችሁ ገና ያልተጻፈው መጽሐፍ ሲወጣ ሰው ምን ይል ይሆን ወደሚለው ይነጉዳል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ወረቀቱ ላይ ያለው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሜዲቴሽን የሚጀምር ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው። እስትንፋሱን ሊከታተል ይቀመጣል። ሦስተኛው እስትንፋስ ላይ ሳይደርስ ትናንት ከባልደረባው ጋር የተጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ እንደገና ይጀምረዋል፤ በዚህኛው ዙር ግን ያሸንፋል።

ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ቅርንጫፍ ለዚህ ነገር ብዙ መቶ ዓመታት የተፈተነ ልምምድ አለው። ብዙ ሰው ልምምዱን አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል። አእምሮ ባዶ አይሆንም፤ ሥራው ማሰብ ነው። የምትለማመዱት መሄዳችሁን ማወቅና መመለስን ነው። በቃ። የሄደውን ልብ ሳትቆጡ መልሳችሁ ታመጡታላችሁ፤ ይሄዳል፤ ትመልሱታላችሁ።

እኔ እንደሚገባኝ ጸሐፊ ከዜን የሚያገኘው ትልቁ ነገር ይህ የመመለስ ልማድ ነው። መረጋጋቱም ሆነ ድንገት ብልጭ የሚለው ሐሳብ ከመጣ እሰየው። ካልመጣም ልምምዱ አልከሰረም።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በቀን ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ልምምድ ነው፦ መቀመጥ፣ ትንሽ መራመድ፣ መጻፍ። ከዚያ በየሳምንቱ የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። ዜን የቡድሃ እምነት አካል መሆኑን መርሳት አይገባም። እዚህ የምንዋሰው አቀማመጡንና ልብን የመመለሱን ልምምድ ብቻ ነው፤ ለዚያ እምነት መቀየር አያስፈልግም።

ቃልን የማያምን የቃል ባህል

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ትንሽ ታሪክ ብናይ ጥሩ ነው፤ በኋላ ይጠቅመናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዜን በቻይና አድጎ ወደ ጃፓን የተሻገረ ነው። ጃፓን ውስጥ ሶቶ የሚባለውን ቅርንጫፍ የተከለው ዶገን (1200–1253) የተባለ መነኩሴ ነው። በ1223 ወደ ቻይና ሄደ፤ በ1227 ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ለሁሉም ሰው የሚሆን አጭር የአቀማመጥ መመሪያ ጻፈ። እግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ዓይን ምን እንደሚሆን፣ ምላስ የት እንደሚያርፍ ሳይቀር ይናገራል። ስለ አቀማመጥ የምነግራችሁ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ዜን ቃልን ብዙም አያምንም። ዋናው ነገር በፊደል አይተላለፍም የሚል የቆየ አባባል አለው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ውስጥ የነበረው ዳህዊ የተባለ መምህር፣ የገዛ መምህሩን የዩዋንዉን ዝነኛ የጥያቄዎች ስብስብ ማተሚያ እንጨቶች አቃጠላቸው ይባላል። ተማሪዎች ነገሩን ሳይኖሩት ያማሩ መልሶችን እየሸመደዱ ስላስቸገሩት ነው አሉ።

ግን ይኸው ባህል ተራራ የሚያህል ጽሑፍ ትቶልናል። ዶገን ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ነው የኖረው። ሪዮካን (1758–1831) የሶቶ መነኩሴ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን በግጥሞቹ ነው። ሃይኩ የተባለው አጭር የጃፓን ግጥም አባት የሚባለው ባሾ (1644–1694) ቡቾ ከተባለ የዜን መነኩሴ ዘንድ ሜዲቴሽን ተምሯል። ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ናታሊ ጎልድበርግ አለች። መምህሯ ዳይኒን ካታጊሪ መጻፍን ራሱን ልምምድሽ አድርጊው አላት፤ በሰዓት ተወስኖ ሳያቋርጡ የመጻፍ ዘዴ በብዙ አገር እንዲታወቅም አደረገች።

ታዲያ ዳህዊ ማተሚያውን ካቃጠለ፣ ዶገን ለምን ጻፈ? ሁለቱ የተጣሉ አይመስለኝም። ዳህዊን ያስቆጣው ነገሩን ሳያዩ ቃል መደርደር ነው። የእያንዳንዱ ጸሐፊ በሽታም ይኸው ነው። ከታች ያለው ሁሉ የዚህ በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱንና ቦታውን ወስኑ

በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ከሆነ የቀኑ ወሬ ጆሯችሁ ሳይገባ ነውና ይመረጣል፤ ግን የማይሆንላችሁን ጠዋት ከመምረጥ የሚሆንላችሁን ማታ መምረጥ ይሻላል። የምትቀመጡበትና የምትጽፉበት ቦታ ቅርብ ለቅርብ ይሁን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆን ጥሩ። ከመቀመጣችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጁ፣ ርዕስ ከላይ ጻፉ። በኋላ ስትመጡ ምንም የምትወስኑት ነገር እንዳይኖር ነው።

ስልኩን አጥፉና ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሰዓት መቁጠሪያ ካስፈለጋችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። “ድምፁን አጥፍቼ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ” የሚባለው ነገር አይሠራም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ደረጃ 2፦ አቀማመጥ

ጠንከር ያለ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ መሬት ላይ አድርጉና ጫፉ ላይ ተቀመጡ። መቀመጫችሁ ከጉልበታችሁ ከፍ ማለት አለበት። እግራችሁን አጣጥፉ፤ የምትችሉትን ያህል ብቻ። ሁለቱ ጉልበቶች መሬት ቢነኩ ጥሩ ነው፤ ካልነኩ ከሥራቸው ጨርቅ ጨምሩ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ መደገፊያውን አትደገፉ፣ እግራችሁ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ወንበር ላይ መቀመጥ ማነስ አይደለም። ዋናው ጀርባው ነው።

ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ። ከጎን የሚያይ ሰው ጆሯችሁን በትከሻችሁ ልክ፣ ከፊት የሚያይ ደግሞ አፍንጫችሁን በእምብርታችሁ ልክ ማግኘት አለበት። አገጫችሁን ትንሽ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጉ። አፍ ይዘጋል፤ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያርፋል። አንዴ ሁለቴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዙና መሐል ላይ ቁሙ።

ዓይን አይዘጋም። ይህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው፤ ለጸሐፊ ግን ወሳኝ ይመስለኛል። ዓይናችሁ በግማሽ ተከፍቶ አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊታችሁ ያለውን ወለል ይይ። የሶቶ ሰዎች ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የሚቀመጡት። ዓይን ሲዘጋ የራስ ፊልም ይጀምራል፣ ወይ እንቅልፍ ይመጣል። ዓይን ክፍት ሲሆን ከዓለም አትወጡም። ድርሰትም ከዓለም በመሸሽ አይጻፍም።

ቀኝ እጃችሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። ግራውን በላዩ ላይ አድርጉ። የሁለቱ አውራ ጣቶች ጫፍ በስሱ ይነካካ። እነዚህ ጣቶች መለኪያ ናቸው፦ ከተራራቁ ወይም ከወደቁ እንቅልፍ እየመጣ ነው፤ ተጫጭነው ወደ ላይ ከሾሉ ደግሞ ጨንቋችኋል።

ደረጃ 3፦ እስትንፋስ መቁጠር

በተፈጥሮ ተንፍሱ። አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት። አየር ስታስወጡ በልባችሁ “አንድ” በሉ። በሚቀጥለው “ሁለት”። አሥር ስትደርሱ ወደ አንድ ተመለሱ። መሐል ላይ ከጠፋባችሁ ከአንድ ጀምሩ። ሳታውቁት አሥራ ሰባት ላይ ከደረሳችሁም ከአንድ ጀምሩ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አሥራ አምስት፣ ቀስ ብሎ ሃያ። በዜን ገዳማት አንድ ዙር አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ድሮ አንድ የዕጣን እንጨት ነድዶ እስኪያልቅ ይባል ነበር። እናንተ ግን መነኩሴ አይደላችሁም፤ በየቀኑ የሚሆን አሥር ደቂቃ በወር አንዴ ከሚሆን አንድ ሰዓት ይበልጣል።

አሥር ላይ መድረስ ግብ አይደለም። ብዙ ሰው ሳምንታት አሳልፎም አሥር አይደርስም። አራት ላይ ጠፍታችሁ “ኧረ ጠፋሁ” ያላችሁባት ቅጽበት ናት ልምምዱ። እዚያች ቦታ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ “እኔ እኮ ለዚህ አልተፈጠርኩም” ብሎ ራስን መውቀስ ነው። ሌላው “አንድ” ብሎ መቀጠል። በሁለተኛው መሄድን የለመደ ሰው፣ ልቦለዱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ደረጃ 4፦ ያ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ

እዚህ ላይ ጸሐፊና ዜን ይጋጫሉ። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በስምንተኛው ደቂቃ ገደማ ልባችሁ ሲሰክን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ያማረ ነው። ለወራት የተቸገራችሁበት ታሪክ መክፈቻ ሊሆን ይችላል። ዜን “ሐሳብ ነው፣ ይሂድ” ይላችኋል። በውስጣችሁ ያለው ጸሐፊ ደግሞ “አብደሃል? ያዘው!” ይላል።

የኔ ምክር፦ ይሂድ። ደብተር ትራሱ አጠገብ አይኑር። እጃችሁ የሚደርስበት ቦታም አይኑር።

ለምን? አንዴ ተነስታችሁ ከጻፋችሁ በማግስቱ የምትቀመጡት እስትንፋስ ልትቆጥሩ አይሆንም፤ ዓረፍተ ነገር ልትጠብቁ ነው። እያንዳንዱ ሐሳብ በመጣ ቁጥር “ይሄ ይጠቅማል? ይሄስ?” እያላችሁ ትመዝናላችሁ። መዛኙ ማን ነው? ያው አላስጽፍ ያላችሁ ውስጠኛው አርታኢ ነው። እሱን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ልታሳርፉት ተቀምጣችሁ መልሳችሁ ሥራ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከትንሽ ቆይታ በኋላ በጽሑፉ ሰዓት ይመጣል። ካልመጣም የሱ ወንድም ይመጣል። ጨርሶ የሚጠፋም አለ፤ ያ ያማል፣ አልዋሽም። ግን ያማረ ነገር ሲያልፍ እያዩ አለመጨበጥን መልመድ በኋላ ስትከልሱ ብዙ ይረዳችኋል። የምትወዱትን አንቀጽ ለታሪኩ ስትሉ የምትሰርዙበት ቀን ይመጣልና።

ከቆንጆዎቹ ይልቅ ተደጋግመው የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ዕቅድ ይመጣል። ክርክር ይመጣል። ከሁሉ በላይ “ይሄ ሁሉ ምን ይረባል” የሚለው ድምፅ ይመጣል። አትከራከሩት፣ አታባርሩት። ውጭ መኪና ሲያልፍ እንደምትሰሙት ስሙትና ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ስትሰሙት ድምፁን መለየት ትጀምራላችሁ። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስለ ጽሑፋችሁ የሚያውቀው ነገር እንኳ የለም፤ ሳይጀመርም፣ ሲያልቅም ያንኑ ነው የሚለው።

ደረጃ 5፦ አምስት ደቂቃ መራመድ

ቁጭታው ሲያልቅ ዘላችሁ አትነሱ። ተወዛወዙ፣ እግራችሁን አፍታቱ፣ ተነሱ። በዜን ቤቶች በሁለት ቁጭታ መካከል ኪንሂን የሚባል ቀስ ያለ ርምጃ አለ፤ በሶቶ አንድ እስትንፋስ ለግማሽ ርምጃ ነው። ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፣ በቀኙ ሸፍኑት፣ ክፍሉን ዙሩ። የእግራችሁ መዳፍ ወለሉን ሲነካ ይሰማችሁ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ደብተሩ። መሐል ላይ መልእክት ቼክ ማድረግ፣ ሻይ መጣድ፣ ጠረጴዛ ማስተካከል የለም።

ደረጃ 6፦ ሳያቋርጡ መጻፍ

ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ ላይ ሙሉ። በእጅ መጻፍ ይመረጣል፤ እጅ ቀርፋፋ ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መሰረዝም ያስቸግረዋል። በኮምፒውተር ከሆነ ስክሪኑን አደብዝዙት።

ደንቡ አጭር ነው። እጅ አይቆምም። አይሰረዝም። ወደ ኋላ አይነበብም። ፊደል ቢሳሳት፣ ሥርዓተ ነጥብ ቢጎድል ግድ የለም። የምትጽፉት ከጠፋችሁ “የምጽፈው ጠፋኝ” ብላችሁ ጻፉና ቀጥታ ፊት ለፊታችሁ ያለውን አንድ ዕቃ ግለጹ። ይህ ዕቃ እዚህ ቦታ ላይ የእስትንፋስን ሥራ ይሠራል፤ ስትጠፉ የምትመለሱበት ቦታ ነው።

ርዕሱ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። “ፍቅር”፣ “ነፃነት” የሚሉ ርዕሶች ሰውን ሰባኪ ያደርጋሉ። “የማውቀው ሰው እጅ”፣ “የተቆለፈ በር”፣ “ያልተላከ መልእክት”፣ “ከልጅነቴ የማስታውሰው ሽታ” የሚሉት ግን ያስኬዳሉ። ልቦለድ ላይ ከሆናችሁ ከታሪኩ አንድ ትዕይንት ውሰዱ፦ ሴትዮዋ ደረጃ ስትወጣ፣ ሰውየው ጫማውን ሲፈታ።

ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ አቁሙ፤ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቢሆንም። ደብተሩን ዝጉ። ዛሬ የጻፋችሁትን ዛሬ አታንብቡ።

መጥፎ ትጽፋላችሁ። አብዛኛው መጥፎ ይሆናል። ቁጭታ ጥሩና መጥፎ ተብሎ እንደማይመዘን ሁሉ ይህም አይመዘንም፤ የሚቆጠረው መጻፋችሁ ብቻ ነው። መመዘኛው ቀን ሌላ ነው፣ እንመጣበታለን።

ደረጃ 7፦ ስሜቱን ትታችሁ ነገሩን ጻፉ

ደቀ መዝሙሩ ዶሆ እንደመዘገበው፣ ባሾ ስለ ጥድ መማር የፈለገ ወደ ጥዱ ይሂድ፣ ስለ ቀርከሃም ከቀርከሃው ይማር ብሎ ያስተምር ነበር። ጸሐፊው የራሱን ስሜት በነገሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ነገሩን ይየው ማለቱ ነው። እስካሁን በትራሱ ላይ ስትለማመዱት የቆያችሁትም ይህንኑ ነው፤ እስትንፋስ ምን መሆን እንዳለበት ትታችሁ እንዴት እንደሆነ ስታዩ ነበር።

እንዲህ ተለማመዱት። አንድ ስሜት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፦

“አባቱ ከሞተ በኋላ ልጁ በጣም አዘነ።”

ስህተት የለበትም። ግን አንባቢ ምንም አያይም። “አዘነ” የሚለውን ቃል ማንበብ ይቻላል እንጂ አብሮ ማዘን አይቻልም። አሁን ስሜቱን የሚጠሩትን ቃላት ሁሉ ከልክሉና አንድ ዕቃ ብቻ ተመልከቱ፦

“የአባቱን መነጽር በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። እንደገና ወለወለው። ማኅደሩ ውስጥ ከቶ መሳቢያውን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ መሳቢያውን ከፈተው።”

“ኀዘን” የሚል ቃል የለም። ማኅደሩ ግን ማንም ሊያደርገው ላልሆነ መነጽር ነው፤ እሱም ያውቀዋል። እዚህ ላይ አቁሙ። “ልቡ ተሰብሮ ነበርና” ብላችሁ ከጨመራችሁ ያበላሻችሁት እዚያ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ቁጭታውን ከጨረሳችሁ በኋላ ለአሥር ደቂቃ አንድ ዕቃ ብቻ ተመልከቱ፤ ብርጭቆ፣ ቁልፍ፣ ቅጠል። ሳትጽፉ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ጻፉ። ሕጉ አንድ ነው፦ “እንደ” የሚል ማነጻጸሪያ ክልክል። ብርጭቆው እንደ ምንም አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው። መጀመሪያ ያፍናል። ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ ግን ከዚህ በፊት ያላያችሁትን ማየት ትጀምራላችሁ፤ ምክንያቱም የተለመደው ዘይቤ ስለተወሰደባችሁ ማየት ብቻ ነው የቀራችሁ።

ይህ ክልከላ ለዘላለም አይደለም። ዘይቤያዊ አነጋገርን የሚጠላ ጸሐፊ ይኑር ማለቴም አይደለም። ግን አንድ ወር ያለ እሱ የጻፈ ሰው ሲመለስበት በልክ ይጠቀምበታል።

ደረጃ 8፦ በቀን ሦስት መስመር

ለሃያ ደቂቃ ጊዜ በማይኖርበት ቀን ሃይኩ ጻፉ። በጃፓንኛ በአምስት፣ በሰባትና በአምስት የተከፈሉ 17 ድምፆች ያሉት ግጥም ነው። በባህሉ ወቅትን የሚጠቁም ቃል ይኖረዋል፤ መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ምስሎችን የሚለይ ቆረጥ ያለ ቦታ አለ። የኛ ፊደል ለመቁጠር ይመቻል፤ ፊደሎቹን ከቆጠራችሁ ተቀራራቢ ልክ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ፦

ዝናቡ ቆመ
ጣራው ግን ገና
ጠብ ይላል

ቁጥሩ አያስጨንቃችሁ፤ አንድ ፊደል ቢበዛ ማንም አይከሳችሁም። ዋናው ዛሬ ያያችሁት ነገር መሆኑ ነው። ስለ ሕይወት ትርጉም ከሆነ ሃይኩ አልጻፋችሁም። ከሃይኩ ለልቦለድ ጸሐፊ የሚተርፈው ያቺ ቆረጥ ያለች ቦታ ናት። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፣ ግንኙነቱን አታብራሩም፣ አንባቢው ያገናኘዋል።

ደረጃ 9፦ ጥያቄን መሸከም

ሪንዛይ በሚባለው ሌላው የዜን ቅርንጫፍ ኮዋን የሚባል ነገር አለ። መምህሩ በምክንያት የማይፈታ ጥያቄ ይሰጣል፤ ተማሪው ይዞት ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ጃፓናዊው መምህር ሀኩዪን (1686–1769) የአንድ እጅ ጭብጨባ ድምፅ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ታዋቂው ነው። እውነተኛው የኮዋን ልምምድ ያለ መምህር አይሆንም፤ ስለዚህ እሱን አንነካም። ጥያቄን ቸኩሎ ሳይመልሱ የመያዙን ልማድ ግን መዋስ እንችላለን።

ታሪካችሁ ከቆመ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉት፦ “እህትየው በሩ ሲንኳኳ ለምን አልከፈተችም?” ከዚያ ለሳምንት መልስ መጻፍ ክልክል ነው። መልስ ሲመጣ “እሺ፣ ሌላስ?” በሉት። የመጀመሪያዎቹ መልሶች ሌላ ቦታ ያነበባችኋቸው ናቸው፤ ፈርታ ነው፣ ተናዳ ነው። ቆይቶ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሷ ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ከአንኳኳኩ አውቃዋለች። በሳምንቱ መጨረሻ ትዕይንቱን በሃያ ደቂቃ ጻፉት።

ደረጃ 10፦ መከለስ

ስለ ዜንና ጽሑፍ የሚያወሩ ሰዎች ይቺን ደረጃ ይዘሏታል። በመጀመሪያ የመጣው ሐሳብ ንጹሕ ነው፣ አይነካ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባሾ በ1689 ወደ ሰሜን ጃፓን ያደረገውን ረጅም የእግር ጉዞ ጽሑፍ ለዓመታት ሲያስተካክለው ነው የቆየው፤ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1702 ነው። ድንገተኛ የሚመስል ነገር ብዙ ልፋት አለበት።

የጻፋችሁትን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በኋላ ክፈቱት። ከማንበባችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። በ1959 ሳን ፍራንሲስኮ የገባው የዜን መምህር ሹንሪዩ ሱዙኪ የጀማሪን ልብ አትጣሉ እያለ ያስተምር ነበር፤ ሊቅ ነኝ የሚል ሰው ብዙ አማራጭ አይታየውም። ረቂቃችሁን ማን እንደጻፈው እንደማያውቅ ሰው አንብቡት። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ልባችሁ የሸሸበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ትራሱ ላይ መሸሻችሁን ማወቅ ስለተለማመዳችሁ እዚህም ታውቁታላችሁ፤ እናንተን ያሰለቸ ቦታ አንባቢን አይምረውም።

ከዚያ ሰርዙ። ብዙ ጊዜ የሚሰረዙት ሦስት ናቸው፦ ወደ ትዕይንቱ ከመግባታችሁ በፊት ያሟሟቃችሁበት የመጀመሪያ አንቀጽ፣ የታየውን ነገር መልሶ የሚያብራራው ዓረፍተ ነገር፣ እና “እዩኝ” የሚለው ያማረ ሐረግ። ሦስተኛው ይከብዳል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

እንቅልፍ ካስቸገራችሁ ጀርባችሁን አቅኑ፣ ዓይናችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ። ካልሆነ ተኙ፤ ምናልባት የጎደላችሁ እንቅልፍ ነው። እግር ከደነዘዘ ቀስ ብላችሁ ቀይሩት። ስለታም የጉልበት ሕመም ከሆነ ግን አትታገሱት፤ ወደ ወንበር።

ስልቸታ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወር። የመጀመሪያው ጉጉት ያልቃል፣ ሁሉም ቀን አንድ ይመስላል። ልምምዱን መቀያየር ያምራችኋል፤ አዲስ ደብተር፣ አዲስ አፕ፣ አዲስ ዘዴ። አትቀያይሩ። ረጅም ልቦለድም መሐሉ ላይ እንዲህ ነው።

አንዳንዴ በዝምታው ውስጥ ከባድ ትዝታ ይመጣል። ጸሐፊዎች “ጥሩ ማቴሪያል ነው” ብለው ሊቆፍሩት ይፈልጋሉ። ጭንቀቱ ከበረታ አቁሙ። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተነሱ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን ስም ጥሩ፣ ከሰው ጋር አውሩ። ተደጋግሞ ከመጣ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ትራስም ደብተርም የሕክምናን ቦታ አይተኩም።

ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሁለት ሦስት ሰው ፈልጉ። አብራችሁ ተቀመጡ፣ አብራችሁ ጻፉ፣ ከዚያ በየተራ አንብቡ፤ ማንም አስተያየት አይስጥ፣ “ጎበዝ” እንኳ አይባል። ጨዋታ ካማራችሁ የባሾ ሰዎች ይጫወቱት የነበረውን ተያያዥ ግጥም ሞክሩ። አንዱ ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ቀጣዩ ሁለት ይጨምራል፣ እንደዚያ እየተቀባበሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ካለፈው ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ግን ይርቃል። ባሾ የሚወደው ልክ 36 ቁራጭ ነበር፤ እናንተ በ12 ጀምሩ።

ልምምዱ ከጣማችሁና ወደ ዜን ማዕከል መሄድ ካሰባችሁ፣ ለብዙ ቀናት የሚደረግ ሴሺን የሚባል ጥብቅ ቁጭታ አለ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ማንበብም መጻፍም አይፈቀድም። ከመመዝገባችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ። ጸሐፊ መሆናችሁን ተናግራችሁ ልዩ ፈቃድ አትለምኑ፤ ደብተሩን ቤት ትታችሁ ሂዱ።